የድንጉላው ጥርስ

ጥቅምት 12

ሁሉም ደህና አድረዋል። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ገብስ በመጨረሻ። ከመጣው ድርቆሽ ሁለት እስር መለስኩ። ሲፈታ ነጭ ብናኝ ቦነነ... ሻጋታ።

ሻጩ «ፈረስ ምን ያውቃል?» አለኝ።

«ሳንባው ያውቃል» አልኩት።

ሳቀ። ወሰደው ግን።

አሥራ አንድ ፈረስ፣ አርባ አራት ኮቴ። ሁሉንም አጸዳሁ። አንዱ ውስጥ ጠጠር ተሰንቅሮ ነበር። የባዝራዋ የፊት ጫማ ላልቷል፣ ጫማ መቺው ይጠራ። አርጅታለች፣ ሃያ ስምንት ሞላት። እኔም ወንድሜ ጋሼም መጋለብ የተማርነው በእሷ ጀርባ ነው። አሁን ሥራዋ ቆሞ መዋል ብቻ። ከአዲሱ ድንጉላ አጠገብ ያስገባኋት እሷን እያየ ይረጋ ይሆናል ብዬ ነው።

ጥቁር ነው ድንጉላው። ከመጣ አምስት ቀኑ። ባለፈረሱ «በአንድ ወር ሰው የሚቀመጥበት አድርጉልኝ» አለ። ጋሼ ቀበል አድርጎ «በሁለት ሳምንት!» አለ። ጋሼ ሁሌም እንዲህ ነው።

ከሰዓት በፊት ልጓም ሳጎርሰው ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወረወረ። ግንባሬን ጨረፈኝ። ጋሼ አየ። አለንጋውን አንስቶ ገባ። ስንት ጊዜ እንደመታው አልቆጠርኩም። ውጭ ቆሜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ።

«አሁን ይገባዋል» አለ ሲወጣ። ላብ አጥምቆታል።

ምሳ በላን።

ጥቅምት 15

ድንጉላው ገብሱን አይጨርስም። ከገንዳው ሥር አኝኮ የተፋው ድርቆሽ አገኘሁ። እርጥብ፣ እንደ እንቁላል የተድቦለቦለ። ቅምጥል ነው? ወይስ ቦታው አልለመደው ይሆን... ይለምዳል አልኩ።

ልጓሙን ሲያይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን አጎረስኩት። የልጓሙን ብረት በመዳፌ አሙቄ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው።

ጋሼ ወጣበት። ሦስት ዙር እንኳ ሳይዞር በኋላ እግሮቹ ቆመ። ጋሼ በጀርባው ወደቀ። ተነሣና የውኃውን ጎማ ቆርጦ መጣ። ፊቱን መታው። ዓይኑ ሥር፣ አፍንጫው ላይ፣ እንደገና ዓይኑ ሥር።

ፊት ይመታል? አባባ እንኳ የፈረስ ፊት አይመታም ነበር። የፈረስ...

ጥቅምት 19

እጄን ሦስቴ ታጥቤ ከጥፍሬ ሥር ያለው ደም አልለቅ አለ።

ጠዋት ጋሼ «ዛሬ የማጎርሰው እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ እያባበልሽ ነው ያበላሸሽው።» የድንጉላውን አንገት ከምሰሶው ጋር አሰረ። የላይ ከንፈሩን በገመድ ጠምዝዞ ያዘ። ብረቱን ወደ አፉ ሲገፋው ከጥርሱ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ ድምፅ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው።

ጋሼ መጀመሪያ አልጮኸም። እጁን ከፈረሱ አፍ አወጣና አየው። እኔም አየሁት። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ የሉም። ያኔ ነው የጮኸው።

ድንጉላው ገመዱን በጠሰ። ጋሼን በደረቱ ገፍቶ ጣለውና በላዩ ዘሎ አለፈ። በሩን በሁለት እርግጫ ከማጠፊያው ነቀለው። አልረገጠውም ግን። እግሩ ሥር ተዘርሮለት... ለምን አልረገጠውም?

የጋሼን እጅ በፎጣ ጠፍሬ አስሬ ገለባው ውስጥ ተንበረከክሁ። ጣት ፍለጋ። አንዱን አገኘሁት። ገለባ ተጣብቆበታል፣ እፍ ብዬ አራገፍኩለት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ሌላውን ውጦታል መሰለኝ።

ጣቱን በረዶ ውስጥ ከትቼ ጋሼን ሆስፒታል ወሰድኩት። «ተጨፍልቋል፣ አይሰፋም» አሉን። ማታ ስመለስ ድንጉላውን አጥሩ ጋ አገኘሁት፣ ጋጣው መልሼ በሩን አስጠገንኩ።

ጥቅምት 20

ባለፈረሱ ደወለ። «ግደሉት። እኔ ሁለተኛ አላየውም፣ ከፈለግሽ ውሰጂው» አለ። የቱን? ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው።

ጥቅምት 28

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ የሕፃን መስሏል።

ትናንት ጋሼ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ መጣ። ሰላም አላለኝም። ቀጥታ ወደ ድንጉላው ጋጣ ገባ። ከኋላው ስደርስ በደህናው እጁ የበሩን የብረት መወርወሪያ ይዟል። ጉልበቱን መታው። ድንጉላው ተንበረከከ። አንገቱን። ጎኑን። ፈረስ እንደዚያ ሲያቃስት ሰምቼ አላውቅም፣ ሰው ነው የሚመስለው።

«ጋሼ ይበቃል! ጋሼ በእናትህ!»

መሃል ገባሁ። ብረቱ ሲወርድ አየሁት። እሱም እኔ መሆኔን አይቷል። ይሄን ነው ደጋግሜ የማስበው። አይቶኛል። እጁን መመለስ ይችል ነበር... ይችል አልነበረም?

የቀኝ አጥንቴ፣ ከትከሻዬ ወደ አንገቴ የሚሄደው፣ ለሁለት ተሰበረ። ሆስፒታል «ምን መታሽ?» ሲሉኝ «ፈረስ» አልኩ። ምላሴ ላይ ዝግጁ ነበር።

ልጆች ሳለን አባባ ቀበቶውን ሲፈታ ጋሼ ከአልጋ ሥር ይደብቀኝና «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ይል ነበር። እኔ የሰበርኩትን። ስንት ጊዜ ጀርባው ለእኔ ተተለተለ። ያ ልጅ የት ሄደ?

ኅዳር 4

የእንስሳት ሐኪሙ መጡ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ጉልበቱን ዳበሱ፣ ጎኑን አዳመጡ፣ «ይድናል» አሉ። ከዚያ ያንን የተድቦለቦለ ድርቆሽ ከመሬት አንስተው አዩ።

«ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚተፋው?»

«ከመጣ...»

«አፉን ከፍተሽ አይተሻል ልጄ?»

አላየሁም።

ማደንዘዣ ወጉት። ጭንቅላቱ ሲከብደው አፉን በብረት ከፍተው መብራት አበሩልኝ። «እይ።» የመንጋጋ ጥርሶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስሏል፣ ጉንጩን ከውስጥ ተልትሎታል። ከመንጋጋዎቹ ፊት ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥርስ። መኖር አልነበረባትም። ተሰብራለች፣ ሥሯ መግል ቋጥሯል።

«ልጓሙ የሚያርፈው እዚህ ነው» አሉና ጣታቸውን አሳረፉባት። ድንጉላው በማደንዘዣ ውስጥ ሆኖ እንኳ ተንዘፈዘፈ።

ነቀሏት። ሽታው... የመንጋጋዎቹን ጠርዝ በረጅም ሞረድ ሞረዱለት። «ለሁለት ሳምንት ብረት እንዳያይ። መኖውን በውኃ አርሺለት። የሌሎቹንም አፍ በዓመት አንዴ አሳዪኝ።»

ሲሄዱ ጋጣው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ጋሼ በአለንጋ መታው። ባለአለንጋውን ሁሉም ያየዋል። ያንን ብረት ግን በየጠዋቱ ቁስሉ ላይ ያስቀመጠው ማን ነው? እኔ። በመዳፌ አሙቄ።

ኅዳር 5

ለጋሼ ነገርኩት። በር ላይ ቆሜ።

«ጥርስ?» አለኝ። «ለአንዲት ጥርስ ብሎ ነው ሁለት ጣቴን?» ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ኅዳር 11

በላ! የራሰ ገብስ፣ ሙልጭ አድርጎ። ገንዳውን ላሰ።

የወንድሜ ሚስት መጣች። በረቱን ረግጣ አታውቅም፣ ፈረስ ከሩቁ ትፈራለች። አጥሩ ጋ ቆማ ሻሿን ወደ ፊት ስባዋለች።

«እታለም፣ ሰሞኑን ብቻሽን አትሁኚ። ዝም ብሏል። ዝም ሲል ነው የሚያስፈራኝ።»

«ፊትሽን ምን ሆንሽ?»

«በር ነው።»

«እኔንም ፈረስ ነው» አልኳት፣ በፋሻ የታሰረ ትከሻዬን እያሳየሁ።

ተያየን። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር...

ኅዳር 14

መጻፍ አለብኝ።

ቀትር ላይ ነው። ሐኪሙ የድንጉላውን አፍ ሊያዩ መጥተው ከመኪናቸው ዕቃ እያወረዱ ነበር። ጋሼ የጎረቤት ጠመንጃ ይዞ በበሩ ገባ። ሚስቱ በባዶ እግሯ እየሮጠች ከኋላው። አፍንጫዋ ይደማል።

«ዞር በይ» አለኝ።

«አልዞርም።»

«ዞር በይ እኮ ነው የምልሽ!»

«ጥርሱን አሞት ነው ጋሼ። በቃ። አሞት ነው።»

«እኔንስ አላመመኝም?»

በሦስት ጣት ጠመንጃ ደግፎ ማነጣጠር አልቻለበትም። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። በሰደፉ አፏን መታት፣ ወደቀች። ከዚያ ተኮሰ። ጆሮዬ ተደፈነ። ድንጉላው በኋላ እግሮቹ ቆሞ ያሽካካል፣ አፉ ሲከፈት እንጂ ድምፁ አይሰማኝም። አልተነካም። ከጎኑ ባለው የጣውላ ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አየሁ።

ባዝራዋ።

ቆማ ነበር። እንደወትሮዋ። ሆዷ ሥር ደም በቀጭኑ ይፈሳል፣ ውኃ ቧንቧ ላይ እንደሚንጠባጠብ። ወደ ሁለታችን አየች። ከዚያ የፊት እግሮቿ ታጠፉና ግድግዳውን እየፋቀች ወረደች። አንጀቷ ነው የተመታው። ለመነሣት ትታገላለች፣ እግሯ ገለባውን ይጠርጋል፣ ይጠርጋል...

ጋሼ ጠመንጃውን ጣለው። ጆሮዬ ሲከፈትልኝ «እሷን አይደለም» ይላል። «እሷን እኮ አይደለም።»

አካፋው እጄ ላይ ነበር። እንዴት እንደገባ አላውቅም። በሁለት እጄ ያዝኩት፣ የተሰበረው አጥንቴ እንደገና ሲለያይ ተሰማኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። ጭንቅላቱን መታሁት። ወደቀ። ወድቆም መታሁት። ጀርባውን። ክንዱን። ያንን በፋሻ የተጠቀለለ እጁን። ይሄን ለራሴ እንኳ ልደብቀው አልችልም፣ ደስ አለኝ። እጄ ሥራውን ያውቀው ነበር። ሐኪሙ ወገቤን ይዘው ባይጎትቱኝ ኖሮ እገድለው ነበር።

«ልጄ! ባዝራዋን! ባዝራዋን ያዢልኝ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። መርፌውን አንገቷ ላይ ወጓት። አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ጉልበቴ ላይ ሞቀ። ከዚያ ከበደች።

ኅዳር 15

አሥር ፈረስ። አርባ ኮቴ።

ኅዳር 19

ፖሊስ ጣቢያ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይጽፋል።

«ትከሻሽን የሰበረሽ ማነው?»

«ወንድሜ።»

«ሆስፒታል ፈረስ ነው ብለሻል።»

«ዋሽቼ ነው።»

የአካፋውንም ነገርኩት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት ጠየቀኝ። አላውቅም። «ራስሽን ለመከላከል ነው?» አለኝ። ጥያቄው መውጫ በር ይመስላል፣ ገብቶኛል። «የመጀመሪያው እንጃ። የቀሩት አይደሉም» አልኩ። ብዕሩን ይዞ ትንሽ አየኝና ጻፈው። ትጠሪያለሽ አለኝ።

የወንድሜ ሚስት ከእኔ ቀጥላ ገባች። ሁለት የፊት ጥርስ የላትም። ሁለት ሰዓት ቆየች። አሥራ ሁለት ዓመት በሁለት ሰዓት።

ታኅሣሥ 13

ጋሼን ለማየት እስር ቤት ሄድኩ። ጭንቅላቱ ላይ አሥራ አራት ስፌት። ከስቷል። መካከላችን ሽቦ ነበር።

«የት ቀበራችኋት?»

«ከበረቱ ጀርባ።»

አቀረቀረ። «ያ ጥርስ... እውነት ነው?» አለ።

በመሐረብ ቋጥሬ ይዤው ነበር። ለምን እንደያዝኩት እንጃ። ጠባቂው አይቶ አሳለፈልኝ። ጋሼ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከጥፍር አይበልጥም።

«ልጓሙን ታጎርሺው የነበርሽ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንቺን ለምን አልነከሰሽም?»

መልሴን ሳይጠብቅ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። አላባበልኩትም። ልቤ ግን... ተነሥቼ ወጣሁ።

ጥር 6

ባለፈረሱ ድንጉላውን ጽፎ ለቆልኛል። የእኔ የክስ ወረቀትም መጥቷል፣ በሚቀጥለው ወር እቀርባለሁ። እቀርባለሁ።

የወንድሜ ሚስት በረቱ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ። ራሷ ናት የጠየቀችኝ። ድርቆሽ ማሽተት ከእኔ በልጣለች፣ ሻጩ እሷን ሲያይ ጥሩውን ከላይ ያደርጋል። ትከሻዬ ገና አይሸከምም፣ ባልዲውን የምታመላልሰው እሷ ናት። ፈረስ መንካት ግን እስከ ዛሬ እንቢ።

ዛሬ «አስተምሪኝ» አለች። «ከማን እንጀምር?» ስላት የድንጉላውን ጋጣ አሳየችኝ። ደነገጥኩ። የዋሆቹ ዘጠኝ ቆመው...

«ከኋላው አትምጪ። ከፊቱም ቀጥ ብለሽ አትሂጂ። በትከሻው በኩል፣ እያወራሽ። ድምፅሽን አስቀድሞ ይወቀው።»

«ምን ልበለው?»

«የመጣልሽን።»

ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንዴት አደሩ?» አለችው። አንቱ! ፈረሱን! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷ ግን ኮስተር ብላ «እኔ ነኝ፣ አይፍሩ» አለችውና እጇን ዘረጋች። አሸተታት። አንገቱን እንድትነካው ተዋት።

ያኔ ነው ባልዲው ከተሰቀለበት የወደቀው። ሲሚንቶው ላይ ቆርቆሮ... ጓ!

ድንጉላው ጭንቅላቱን ወርውሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እሷ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። እኔስ? የእኔም ሁለት እጅ አናቴ ላይ ነበር። ሦስታችንም እንደዚያ ሆነን ጠበቅን። ባልዲው ተንከባሎ ቆመ። ማንም አልመጣም።

መጀመሪያ ክንዷን ያወረደችው እሷ ናት።

«የቱ ጋ ነበርን?» አለችኝ።

«አንገቱ ጋ። አሁን ኮቴው ነው፣ ቁርጭምጭሚቱን ጫን ስትይው ያነሣልሻል።»

እጇን ከትከሻው ጀምራ በእግሩ ቁልቁል አወረደች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስትደርስ በሁለት ጣቷ ጫን አለች።

«ያንሡልኝ» አለችው።

አነሣላት።