ሦስቱ ጂፒኤሶችና የእማዬ መጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለሱሌይማን፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ሰነበትክ? የመጋዘኑን ሥራ ከጀመርክ ወዲህ የሚይዝህ ወገብህስ እንዴት ሆነ? ሂዳያ ደህና ናት ወይ? ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ ወይስ ሁሉንም በዐረብኛ ነው የሚመልሱላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ኅዳር ገብቶም አልበረደም። ማሾው ግን ጥሩ ይዟል፤ ባለቤቴ ኢብሮም ከንጋት እስከ ማታ ከማሳ አይጠፋም። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ የጎደለን ነገር አለ፤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

በስልክ ብነግርህ ይቀል ነበር። አንተ ግን በስልክ «እሺ እሺ» ብለህ የምትረሳ ሰው ነህ፤ ታላቅህ ነኝና አውቅሃለሁ። አባባም በወረቀት ይሁን አሉ። ፈይሩዝ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ዕረፍቷን ጨርሳ ሐሙስ ስለምትመለስ በእጇ እሰጣታለሁ። ከደረሰህ በኋላ አጣጥፈህ የምታስቀምጠው እንጂ የምትጥለው ወረቀት አይደለም።

የሦስት ጂፒኤስ ፎቶ ልከህ የቱን ልግዛ ብለኸኛል። ትልቁ፣ በጣት እየነኩ የሚያዙት፣ ባለ ካርታው አለ። በሳተላይት መልእክት የሚልከውና በየወሩ የሚከፈልበት አለ። ሦስተኛው ትንሹ ነው፣ ቁልፍ ያለውና በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ስለዚያ ቀን ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ጨርሼ ነግሬህ አላውቅምና።

ረመዳን ሊገባ ሰሞን ከአጣዬ ወደ ቆላው ስንሸሽ የእማዬ ልብ ደክሞ ነበር። ከጀውሃ በታች፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ስንደርስ ሄደችብን። ሴት ወደ ቀብር አትሄድም ተባለና እኔ ልጆቹን ይዤ ጥላ ሥር ቀረሁ። የቀበሯት አባባና ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ በዓመቱ ሞተ፤ ሁለተኛው መንገደኛ ነበር፣ ስሙንም አልጠየቅነው። ስለዚህ ቦታዋን የሚያውቁት አባባ ብቻ ናቸው።

የአባባ ዓይን ደግሞ እየሄደ ነው። ጤንነታቸውን ስትጠይቅ ደህና ነኝ የሚሉህ እንዳትጨነቅ ብለው ነው። ደብረ ብርሃን ያየቻቸው ሐኪም የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሏል፣ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ያቆይላቸው ይሆናል አለችን። አሁን በበር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊታቸውን ብቻ ነው የሚያዩት። ከጎናቸው ስቆም አያዩኝም፤ ድምፄን ሰምተው ነው የሚዞሩት። ያን ቀን ከሐኪም ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ሸዋ ሮቢት ልንገባ ስንል፣ የእናታችሁን ቦታ ሳላሳያችሁ እንዳልቀር አሉኝ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ውሸት አይደለም፣ አትቀየመኝና። የመሬት ልኬታ ባለሙያው ደረጄ፣ ከእኛ ሦስተኛው ቤት የሚኖረው፣ ጉዳዩን ሲሰማ የግሉን አሮጌ ጂፒኤስ ለሁለት ቀን አዋሰን። በፎቶህ ላይ ላለችው ለትንሿ ታላቅ እኅቷ ናት። ኢብሮ ግን ስልክሽ ይበቃል ብሎ ስለተከራከረኝ ሁለቱንም ይዤ ቅዳሜ ከአባባ ጋር ጀውሃ ወረድን። ስልኬ አንድ ሰዓት እንኳ አልሄደልኝም፤ ከፀሐዩ ጋር ሲታገል ቆይቶ ሞቀኝ ብሎ ጥርቅም አለ።

አባባ እንደ ድሮ ግመል ነጂነታቸው ከፊት ከፊት ሄዱ። እኔ ዓይን ሆንኩ፣ እሳቸው ልብ ሆኑ። ከተራራው ላይ የጎደለ ጥርስ የመሰለው ቦታ በየት በኩል እንደሚታየኝ ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዞሩኛል። እማዬን ሥሩ የቀበሩበት የቁርቁራ ዛፍ ከሰል ሆኖ ጉቶው እንኳ የለም። ወንዙም በሁለት ክረምት ጎርፍ አልጋውን ቀይሯል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አባባ ግን በርከክ ብለው አሸዋውን በመዳፋቸው መዳሰስ ጀመሩ፤ ብዙ ቆዩ። ኋላ እጃቸው አንድ ድንጋይ ላይ ቀረና ነይ አሉኝ።

መጁ ነው ሱሌይማን። የእማዬ የወፍጮዋ መጅ። ሰው ወርቅና የመሬት ደብተር ይዞ ሲሸሽ እሷ መጅ በነጠላ ቋጥራ በመሸሿ ስንስቅባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ ጠይቄም አላውቅ። አባባ በራስጌዋ ተክለውት ኖሯል። ዙሪያውን ያለው ድንጋይ ሁሉ ሸካራ ነው፣ እሱ ብቻ በእጇ የለሰለሰ። እኔም እጄን ጫንኩበትና አለቀስኩ፤ አባባም አልከለከሉኝም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ወዲያው ቁልፉን ተጫንኩ። ደረጄ ሳተላይቶቹ እስኪረጉ ጠብቂ ብሎኝ ነበር። ሳየው ስህተቱ ዐርባ ሜትር ይላል። ዐርባ ሜትር ማለት እኮ እማዬን ወንዙ ውስጥ ማስተኛት ነው። አጥፍቼ እንደገና መሣሪያዋን መጁ ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ወደ አራት ሲወርድ መዘገብኩት።

እሁድ አባባ ጀውሃ ሻይ ቤት ተቀመጡና ብቻሽን ሂጂና አግኝተሽ ተመለሽ አሉኝ። ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ቁጥቋጦው ተመሳሰለብኝ። አባባ ከልጅነታችን ጀምሮ ያስተማሩንን ታስታውሳለህ፤ ቆላ ላይ መንገድ የጠፋው ሰው ይቁም፣ የሚዞር ሰው መልሶ የሚያገኘው የራሱን ዱካ ነው። ቆምኩ። የመሣሪያዋን መርፌ አያለሁ፣ አንዴ ወደ ተራራው አንዴ ወደ አዋሽ ትላለች። እሷ እስክትረጋ እኔ ቆሜ፣ እኔ እስክንቀሳቀስ እሷ ጠብቃ ግማሽ ሰዓት ተፋጠጥን። ተበላሽታለች ብዬ ደረጄን በልቤ እየረገምኩ ወደ አንድ ግራር ጥላ ስራመድ መርፌዋ ቀጥ አለች። ብቆም ትዋዥቃለች፣ ብራመድ ትቀናለች። ለካ የዚህች ዓይነቷ ኮምፓስ የላትም፤ ወዴት እንደዞርኩ የምታውቀው ስሄድ ብቻ ነው። እንዲያ እየተራመድኩ መጁ ድረስ አደረሰችኝ፤ ፋቲሓ ቀርቼላት ተመለስኩ።

ለደረጄ ብነግረው ከት ብሎ ሳቀና፣ ስትገዙ ኮምፓስ ያለውን ግዙ፣ ቆማችሁም ያሳያል አለኝ። ስለዚህ የእኔ መልስ ይኸው። ባለ ካርታውን ተወው፤ የእማዬ ቦታ የትኛውም ካርታ ላይ የለም፣ ላብ ለነካው ጣትም አይታዘዝም። መልእክት የሚልከውንም ተወው፤ መልእክት የሚልክ ሞልቶናል። ትንሹን ያዝ። ባትሪ ድንጋዩ ጀውሃ ሱቅ አይጠፋም፣ ፀሐይም ላይ ይነበባል። የቀረው ኮምፓስ ያለው ይሁን ወይስ የሌለው የሚለው ነበር። እሱን አባባን ጠየቅኋቸው።

ቆሞ የሚያሳየው እንደኔ ላለ ሽማግሌ ይሆናል፣ ሱሌይማን ግን የሚያስኬደውን ይግዛ አሉ። ደግሞም በሰው እንዳይልከው፣ ራሱ ይዞት ይምጣ አሉኝ።

እኔም ልጨምርበት። አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃድህ ይታደስ አልን፣ ቀጥሎ ልጆቹ ትምህርት ይዝጉ አልን። ጫማ ላክህ፣ ስልክ ላክህ፣ አሁን ጂፒኤስ ልትልክ ነው። ዕቃ እየላክህ ራስህን አስቀረህ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳትቀብራት የቀረህ ልጅ ነህና ቦታዋን ካላየህ የሞተች አይመስልህም። እኔም እንዳንተው ነበርኩ። አባባ ግን አሁንም ፊት ለፊታቸው የቆመ ሰው መልኩ ይታያቸዋል። እስከ መቼ እንደሚታያቸው ሐኪሟም አልነገረችንም። ረመዳን ሳይገባ ና።

ሂዳያን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ። ኢብሮ ሰላም ብሎሃል፣ በስልኩ ነገር ስለተሸነፈ ግን ብዙ አይናገርም። ትንሿ ልጄ አሪፋ የማታውቀውን አጎቷን ሰላም ብላለች። ደረጄም ሰላም ብሎሃል፤ ሲመጣ መሣሪያውን እኔ አስተምረዋለሁ ይላል። አባባ ዱዓ ያደርጉልሃል። የቦታዋን ቁጥር በቃላቸው ሀፍዘውታል፤ ከፈጅር ሶላት በኋላ ቀስ ብለው ሲደግሙት እሰማለሁ፤ እስካሁን አንድ ቁጥር አልሳቱም። አንተም እንድትይዘው ጻፊለት ብለውኛልና በእጄ ጽፌዋለሁ፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል።

እማዬ ያለችው እዚህ ነው፦ ሰሜን ዐሥር ዲግሪ፣ ስድስት ነጥብ ሁለት አንድ አራት ደቂቃ፤ ምሥራቅ አርባ ዲግሪ፣ አንድ ነጥብ ስምንት ሰባት ሦስት ደቂቃ። መርፌዋ ብትዋዥቅብህ አትቁም፣ ተራመድ።

እኅትህ ሩቂያ
ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.