ጋናን በአሥራ አንድ ዓመት ያስቀደምኩ ጊዜ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ያው ነው። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ጋሽ በለጠ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ኡራኤል አምጥቶታል። አሥረኛን ያልጨረስኩት እኔ የዲግሪ ተማሪ አሳይመንት እተይባለሁ... አገር ማለት እንዲህ ነው።

አመሻሽ ላይ ደንበኛችን ፍዮሪ መጣች። ቀን ቢሮ፣ ማታ ኮሌጅ። በእጇ የጻፈችውን አሳይመንት ወረወረችልኝ። ጋናና አይቮሪኮስት፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ እንዴት እንደገዟቸው።

«ናኦድ፣ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ወደኛ ቀይርልኝ።»

«እኛ ያልተገዛነው በዚህ እኮ ነው። ሲመጡ ‹ቀኑ ገና ነው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ኑ› አልናቸው።»

«ዝም ብለህ ተይብ! ይህን ኮርስ ከወደቅኩ ዘንድሮ አልመረቅም። ቢሮም ቋሚ አያደርጉኝም።»

ኅዳር 4

ግማሹን እንደተየብኩ ኳስ ጀመረ። አየሁ። ጨረስኩ። ጋና ነፃ የወጣችው በ1949፣ አይቮሪኮስት በ1960። አሥራ አንድ ዓመት! እጄ አላስቻለኝም፣ አንዲት መስመር ጣል አደረግኩላት፦ «ጋና ታላቅ እህት ናት፤ ታናሿ ግን ዛሬም የፈረንሳይን ቀሚስ ይዛ ትሄዳለች።»

ኅዳር 5

ፍዮሪ የተየብኩትን እያነበበች መስመሯ ላይ ቆመች። «ይቺን እኔ ነኝ የጻፍኳት?»

«ደክሞሽ ነበር መሰለኝ።»

«ታምራለች።» ሰኞ ክፍል ውስጥ ስታቀርብ በሷ ልትጀምር ነው አሉ! ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

ኅዳር 6

ጉድ ፈላ። የእጅ ጽሑፏን ለመጠቅለያ ልቀደው ስል አየሁት። ጋና 1957፣ አይቮሪኮስት 1960። የጋናን ቀይሬ፣ ኳሱ ሲጀምር የአይቮሪኮስትን ረስቼዋለሁ። ልዩነቱ ሦስት ዓመት! በሦስት ዓመት ምን ታላቅነት አለ?

ደወልኩላት።

«ፍዮሪ፣ ዓመቱ ተሳስቷል።»

«ባለፈው ‹ፈተናው ተሰርዟል› ብለኸኝ ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ተመልሻለሁ። አልሸወድም።»

«ማርያምን!»

«ያኔም ማርያምን ብለሃል።» ጥርቅም።

ብያለሁ እንዴ? ...ብያለሁ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ኮሌጇ ሄድኩ። ጥበቃውን «ፕሮጀክተር ልጠግን ነው» ብዬው ገባሁ። ደረስኩ ስል ጀምራለች።

መምህር መርጋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሥራ አንድ ዓመት? በማን አቆጣጠር?»

ፍዮሪ ወረቀቷን አየች። ጣሪያውን አየች። እጄን አወጣሁ።

«በሁለቱም ነው፣ መምህር። ጋና በኛ፣ አይቮሪኮስት በፈረንጅ። እሷ በትክክል ነው የጻፈችው፤ የተየብኩት እኔ ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ታላቅ እህት የምትለዋ መስመርስ?»

«እሷም የኔ ናት።» ፍዮሪ አየችኝ። ባታየኝ ይሻል ነበር።

«በል እንግዲህ ደራሲው፣ ሦስት ዓመት ብቻ ከሆነ ምንድነው የለያያቸው?»

«አከራያቸው ነዋ! እንግሊዝ ‹ኪራዬን አምጡ፣ ጠባችሁን ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር ጨርሱ› ይላል። ፈረንሳይ ግን ጓዳ ድረስ ገብታ ወጥ ትቀምሳለች፣ ‹ልጄ ነህ› ትላለች። ቤቱን ለቀህ ከወጣህ በኋላም የቦርሳህ ቁልፍ እሷ ጋ ነው።»

ማለቴ... ግማሹን ከራሷ ወረቀት ነው የሰረቅኩት።

«ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ የሰፈር ወሬ ነው። ውጣ። አንቺ አስተካክለሽ ለሰኞ።»

ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ሲስቁ ሰማሁ። እኔ ሳልቀልድ ሲስቁ መጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 10

ፍዮሪ አልመጣችም። አሳይመንቷን ባምቢስ ጋ ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ አስተየበች አሉ። ጋሽ በለጠ «ደንበኛ አባረርክ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለ።

ኅዳር 16

ከፍዮሪ ቴክስት። «አለፍኩ።» በቃ። ስድብ እንኳን የለውም።

ኅዳር 18

አንዱ ተማሪ ሴኔጋልና ጋምቢያን አመጣ። ካርታው ላይ ጋምቢያ ሴኔጋል ሆድ ውስጥ እንደ ኮሶ ትል ተጋድማለች። ስለ ትሏ አንድ መስመር ልጨምርለት እጄን በላኝ... ተውኩት። ዓመቶቹን ሁለት ጊዜ አየኋቸው። ግን እንዴት ሊሆን ቻለ? ማን እንዲህ ቆረጣት?

ለፍዮሪ ደወልኩ። አነሳች!

«ጋምቢያ ለምንድነው እንዲህ የሆነችው?»

«ቀልዱ ምንድነው?»

«ቀልድ የለውም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«አንተ?» ሳቀች። ዘጋችው።

ካርታውን ደግሜ አየሁት። መልሼ ደወልኩ።