ላጲስ ላቀበለኝ አባቴ

ውድ ልጄ ሔርሞን፣

ከኤድንብራ የላክሽው ፖስት ካርድ ደርሶኛል። መጽሐፍሽ ዳግመኛ ሊታተም ነው፤ ስሜ ከመጀመሪያው ገጽ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳሳውቅሽ ጽፈሻል። አራት መስመር ነው፤ «እንዴት ነህ» የሚል የለበትም። አልፈርድብሽም። ከሁለት ዓመት በፊት ደውዬ «ስሜን ከመጽሐፍሽ አውጪ» ብዬ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺም አልደወልሽ፣ እኔም አልደወልኩ። ግትርነትሽን ከማን እንደወረስሽ ማንም አይጠይቅሽም።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር እወቂ። ያን ቀን ስደውል መጽሐፉን አላነበብኩትም ነበር። ያየሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ላጲስ ላቀበለኝ አባቴ ጥጋቡ» የሚለውን መታሰቢያ። ያሳየኝ ጓደኛዬ ስለሺ ነው፤ ብሉር መንገድ ላይ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ፣ በሰው ፊት። «ጥጋቡ፣ ይቺ ልጅ ምን ማለቷ ነው? የላጲስ ፋብሪካ ነበረህ እንዴ?» አለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ምን ማለትሽ እንደሆነ ገብቶኛል።

አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። እዚሁ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ አሁንም ያለሁበት አሥራ ሰባተኛ ፎቅ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስሽውን ልብ ወለድ ስገልጥ የገጾቹ ዳር ሁሉ በእርሳስ ተሞልቷል። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬሽ፣ ላጲስ ሰጥቼሽ፣ የመጨረሻዋ ቃል እስክትጠፋ ከፊትሽ አልተነሣሁም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ተው ጥጋቡ፣ ልጅ ናት» አለችኝ። «የሰው መጽሐፍ ነው» አልኳት። አንቺ አላለቀስሽም። ፍርፋሪውን በመዳፍሽ ጠርገሽ «ጨርሻለሁ» አልሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታነቢውን አሳይተሽኝ አታውቂም።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ነግሬሽ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ። አርባ ሰዎች ነበርን፣ መጻሕፍቱ ስድስት። ገጽ ላይ አንድ ጭረት ካረፈች ከኋላ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ ፊደሉ ይጠፋባቸዋል። መጽሐፍ ላይ የሚጽፍ ሰው ለእኔ የመንደር ምንጭ ውስጥ እግሩን የሚታጠብ ሰው ነው። ዛሬም ከዚህ ሐሳቤ ብዙ አልራቅሁም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ጋዜጣ ላነብ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጽሐፍሽን መደርደሪያ ላይ አየሁት። ጀርባው ላይ በትልቁ «ሔርሞን ጥጋቡ» ይላል። ስሜን አውጪ ብዬ ስጮኽብሽ ሽፋኑ ላይም እንዳለሁ አላሰብኩም ነበር። ተዋስኩት። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ በቀን ሦስት ገጽ፣ አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ። ስለሺ «በዚህ ትጋት ዳዊት ብትደግም ኖሮ ይሄኔ ጳጳስ ነበርክ» ይለኛል።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የጀመርኩት ስህተት ለመፈለግ ነው። የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት የእንግሊዝ ሰው ምን አነበበ፣ አንብቦስ ምን አለ፣ ለእኛ ምን ይፈይዳል እያልኩ። መጽሐፍሽ ውስጥ ገረዶች የእመቤቶቻቸውን መጽሐፍ በስርቆት ሲያነቡ፣ ፀጉር ቤት አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ሲያዳምጥ፣ ቄሱ ልብ ወለድ ልጃገረድ ያበላሻል ብሎ ሲገሥጽ አየሁ። ቄሱ ጋ ስደርስ «እውነቱን ነው» አልኩ። አንዱ ደራሲ ታሪኩን በየክፍሉ ሲያሳትም አንባቢዎች ልጅቷን እንዳይገድልባቸው በደብዳቤ ለመኑት። ገደላት። ላልተፈጠረች ሴት የሚማለድ ሰው ሞኝ ይመስለኝ ነበር። እኔም ግን ሳላውቀው በእነዚያ ሙታን እየተናደድኩ፣ አንዳንዴም እያዘንኩላቸው ነበር።

አምስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ሻማ ሠሪ መጣ። ልጁን ልብ ወለድ ስታነብ አግኝቶ መጽሐፉን ነጥቆ ሣጥን ውስጥ ቆለፈባት። ልጅቷ አድጋ፣ አግብታ፣ ባሕር ተሻግራ ሄደች። አባትየው ሲያረጅ ሣጥኑን ከፈተ። የገጾቹ ዳር በልጁ ጽሕፈት ተሞልቷል። አንዱ ቦታ ላይ ስለ ታሪኩ ሴት «ምነው ዝም አለች?» ብላለች። እሱም ከሥሯ «እኔም ይህንኑ ጠየቅሁ» ብሎ ጻፈ። እንዲህ እያለ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ለጽሕፈቷ ሁሉ መልስ ጻፈላት። መጽሐፉን ግን አልላከላትም። ከሞተ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ ተገኘ።

ይህን ሳነብ እጄ ላይ የነበረው እርሳስ ለመዝገበ ቃላቱ ነበር። ልብ ብዬ ሳይ ገጽሽ ዳር ላይ በአማርኛ «ይህ ሰው ምን እየጠበቀ ነው?» የሚል ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ወደ ኋላ ብገልጥ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ጽፌያለሁ። በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ።

በማግስቱ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እዚያ የምትሠራው ጸዮን ነበረች፤ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ እንዳንቺ ግማሽ በግማሽ።

«መጽሐፍ አበላሽቻለሁ» አልኳት።

ገልጣ አየችው። «ጋሼ፣ ይሄ እርሳስ እኮ ነው። ኖ ፕሮብሌም። ኢሬዝ ያድርጉትና ይመልሱት።» ከመሳቢያዋ ላጲስ አውጥታ አቀበለችኝ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ላጲሱን የሻማ ሠሪው ገጽ ላይ አሳረፍኩት። መልሼ አነሣሁት። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ጸዮን መጣች።

«ደከመዎት? ሄልፕ ላድርግዎት?»

«አላጠፋም» አልኳት። «ለቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ገዝቼ አመጣለሁ። ይህ ለእኔ ይሁን።»

«ኦኬ፣ ማናጀሬን ልጠይቅ» አለችና ገጹን ጎንበስ ብላ አየችው። አማርኛ ማንበብ አትችልም። «ጋሼ፣ ግን ምን ይላል?»

ሔርሞን፣ ላጲሱን የሰጠሁሽ ቀን እኔ ያልጠየቅሁሽ ይህንን ነው። የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ አልችልም ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ሳስጠፋሽ አንዲቱን ቃል አላነበብኩም። «ምን ይላል?» ብዬ ልጄን መጠየቅ አፈርኩ። ሕግ እያስከበርኩ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ ኀፍረት ነበር። ስለ መጽሐፍ ክብር ያልኩትን አልመልስም። ሳላነብ ስላስጠፋሁት ግን ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለቤተ መጻሕፍቱ አዲሱን ሰጥቻለሁ። የጻፍኩበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። የሻማ ሠሪው ዕጣ እንዲደርስብኝ አልፈለግሁም። መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያንን ቄስ ግብዝ ብለሽዋል፤ ተሳስተሻል። ሰውየው ለልጆቹ ፈርቶ ነው። ዳሩ ላይ ማስረጃዬን ጽፌያለሁ።

ስሜን አታውጪ። መስመሩም እንዳለ ይታተም፤ እውነት ነው፣ ስለሺም ይሳቅ።

አሥራ ዘጠኙም ቦታ ላይ ከጽሕፈቴ ሥር ባዶ ትቼልሻለሁ። ያኔ ምን ብለሽ ጽፈሽ እንደነበር የምታስታውሽው ካለ እዚያ አስፍሪና መልሰሽ ላኪልኝ፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን አሁን አነበዋለሁ። በእርሳስ ይሁን። በቀለም መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።

ላጲሱን ያቀበለሽ፣ መልስሽን የሚጠብቅ አባትሽ
ጥጋቡ