ሦስት ጊዜ የመለስኩት ስንቅ

ይድረስ ለልጄ ለታቢታ ኩማ፣
ላይፕዚግ

በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. በቀበሌው አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥተሽ፣ አባቴ ጎረቤት እየሰበሰበ በቤታችን ውስጥ ያጸልያል ብለሽ ተናገርሽ። በዚያ ቃል አሥራ አንድ ወር ታሰርኩ። ያሳሰርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ዳር ዳሩን ስንዞረው ኖረናል፤ እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ ዳር ዳር የምልበት ጊዜ የለኝም። ስለዚህ አስቀድሜ ጻፍኩት። ሰላምታው ይኸውና ከዚህ ይቀጥላል።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ ልጄ? የአገሩ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ደረትሽን የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ? ትበያለሽ ወይ? እንቅልፌ ጠፋ፣ ጠጉሬም ይረግፋል ብለሽ የጻፍሽውን ለእናትሽ ሳነብላት አንደኛውን ዘልዬ ሁለተኛውን ብቻ ነገርኳት፤ እሱም በዝቶባት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ እኔ የነቀልኩት ይመስል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከመንቋቋቱ በቀር ሕመም የለብኝም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ብዙአየሁ ነው፤ ለትምህርት ወደ እናንተ ዘንድ የሚመጣ ጨዋ ልጅ ነው። በመንገድ ማንም አይከፍተውም። ቢከፍተውም የጻፍኩት እውነት ነው።

በደብዳቤሽ አስተማሪያችሁ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ከትንሿ ሕዋስ አንሥቶ እስከ ሰው አእምሮ ድረስ፣ መከራ ሲጫነው ምን እንደሚሆን እንደሚያስተምራችሁ ነግረሽኝ፣ አባዬ፣ እርስዎስ በችግኞችዎ ላይ ምን አይተዋል? ብለሽ ጠይቀሻል። ከታች ደግሞ በሰኔ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፣ ሁለት ዓመት ቆይተሽ ሥሪ ብለውኛል፣ ልምጣ ወይስ ልቆይ? ብለሻል። ሁለቱ ጥያቄዎች ለእኔ አንድ ሆነው ስላገኘኋቸው አብሬ እመልሳቸዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው፤ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው።

ችግኝ ከማፍያ ጣቢያችን ወጥቶ ሜዳ ላይ ከመተከሉ በፊት እንዴት እንደምናጠነክረው አንቺም ታውቂያለሽ፤ ከእኔ ጋር ስትሠሪ አድገሻል። ጥላውን እናነሣበታለን፣ ውሃውን እንቀንስበታለን፣ ከበቀለበት ፕላስቲክ ቂጥ የወጣውን ሥር እንቆርጠዋለን። አንድ ሳምንት ይጠወልጋል። ከዚያ በኋላ ግንዱ ይደነድንና ፀሐዩንም ንፋሱንም ይችላል። ሳይጠነክር የወጣ ችግኝ በወሩ ይደርቃል። ልኩ ያለፈበት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ አይሞትም፣ አያድግም። ሦስት ዓመት ቆይተሽ ብታዪው ያው ክንድ የምታህል ቁመቱን ይዞ ቆሟል። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ መንገድ ነው። ልኩን ግን የማውቀው በችግኝ ላይ ነበር።

አምና ሸለምጥማጥ የዶሮውን ቤት ሰብሮ ሁለቱን ፈጃቸው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉጌጥ ወጥመድ አጥምደው ያዙትና እዚያው ደጃፉ ላይ ገደሉት። የቀሩት ዶሮዎች ሬሳውን በዐይናቸው አይተዋል። ሆኖም አምስት ሳምንት አንድ እንቁላል አልጣሉም። ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ እነዚህስ ለወጥ ነው እንጂ ለሌላ አይሆኑም አሉኝ። ተዉአቸው፣ ጠላታቸው መሞቱን ሰውነታቸው ገና አልሰማም አልኳቸው። በስድስተኛው ሳምንት ጣሉ።

እናትሽ ግን እኔ ከተፈታሁ ስድስት ዓመት ሆኖም ሰውነቷ ገና አልሰማም። መኪና በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ጋቢዬን አንሥታ ትቆማለች፣ ሊወስዱኝ የመጡ መስሏት፣ እንዳይበርደኝ። የጎረቤት አሸዋ የሚያራግፍ መኪና ነው፣ ምን ሆነሻል? ስላት፣ እኔ ምን አውቄ፣ እግሬን ጠይቀው ትለኛለች። እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል ይሉት የለ? እኔንም ብትጠይቂኝ፣ የቁልፍ መንኳኳት በሰማሁ ጊዜ ሳላስበው ተነሥቼ ግድግዳ ተጠግቼ እቆማለሁ። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አንቺ ለትምህርትሽ ስለፈለግሽው ጻፍኩልሽ።

ሕዋስ ያልሽውን ግን በዐይኔ ሳላይ አላምንም ብዬ ጉልላት ዘንድ ሄድኩ። በኮሌጁ ላቦራቶሪ የሚሠራው፣ ችግኝ ሊወስድ ሲመጣ የሚቀልድብኝ ሰው ነው። ቀይ ሽንኩርት ልጦ ስስ ልጣጩን በመስታወት ላይ አነጠፈና በማጉያው አሳየኝ። እንደ ጡብ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ቀይ ውሃ ሞልቷቸው አየኋቸው። ከዚያ የጨው ውሃ ጠብ አደረገባቸው። ልጄ፣ በውስጣቸው ያለው ከግድግዳው ለቅቆ፣ ተኮማትሮ መሐል ላይ ተጠቀለለ። እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ጉልበታችንን አቅፈን እንደምንተኛው ነው የሆነው። ዐይኔን ከማጉያው አላነሣ ስላልኩ ጉልላት፣ ጋሽ ኩማ፣ ሽንኩርቱንም ሊገሥጹት ነው እንዴ? አለኝ። ንጹሕ ውሃ ጨምርለት አልኩት። ጨመረለት፤ ቀስ እያለ ተመልሶ ግድግዳውን ሞላ። ሁልጊዜ ይመለሳል? አልኩት። በጨው ውስጥ ብዙ ካልቆየ ነው፣ ብዙ ከቆየ ውሃውን ቢያፈሱበትም አይመለስም አለኝ። ስንት ቢቆይ ነው ስለው፣ እንደ ሽንኩርቱ ነው አለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በሐይቁ ዳር ነው የመጣሁት። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከመረባቸው ያራግፉ ነበር። እዚያ ቆሜ ነው ይህን ደብዳቤ በልቤ የጀመርኩት።

እስር ቤት ሳለሁ ስንቅ ይዘሽ ሦስት ጊዜ መጣሽ። ሦስቱንም ጊዜ መለስኩት። ሦስተኛው ቆሮሶ ነበር፤ ዐይኔ መድከሙን ስለምታውቂ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅመሽ አውጥተሽ፣ በንጹሕ ፎጣ ቋጥረሽው ነበር። ዘበኛው፣ አንተ ሰውዬ፣ ካልበላህ እኔ ልብላው እንጂ ልጅቷን በር ላይ አታስለቅሳት አለኝ። መልስላት አልኩት። በአራተኛው እናትሽ ብቻዋን መጣች። በትክክል ፈርጃለሁ ብዬ ለብዙ ጊዜ ኮራሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ቆሮሶ በአፌ አልገባም።

በዚያ ስብሰባ ላይ የነበረች ታናሽሽ ጽጌሬዳ ሁሉን የነገረችኝ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ግለሂስ አድርጉ ተብላችሁ፣ ወጣቱ ሁሉ በየተራው እየተነሣ ጥፋቱን ሲናገር፣ ሌሎቹ አርፍጃለሁ፣ በልማት ሥራ ሰንፌያለሁ እያሉ በቀላሉ ተቀመጡ። አንቺ ግን ዐይንሽን ጨፍነሽ ነበር አለችኝ። እንደ ንስሐ ወሰድሽው። በቤታችን ጸሎት ላይ እንደለመድሽው፣ የደበቅሽውን ሁሉ ካልተናዘዝሽ ሐሰተኛ የምትሆኚ መስሎሽ ነው። ግማሽ እውነት ሙሉ ውሸት ነው ብሎ ያሳደገሽ ማነው? እኔ ነኝ። በቀበቶ ጭምር። ይህ ያደረግሽውን አላደረግሽም አያሰኝም፤ አሥራ አንዱ ወርም አልቀነሰም። ነገር ግን ጨው ያበዛሁት እኔም ነኝ።

ከመታሰሬ በፊት የዘራሽው ዝግባ በጣቢያው አለ። እኔ ሳልኖር ሥሩን የሚቆርጥለት ጠፍቶ፣ ፕላስቲኩን ቀዶ እዚያው መደቡ ውስጥ ሥር ሰደደ። ኃላፊው መንገድ ዘጋ፣ ይነቀል ቢል፣ እኔ እያለሁ አይነካም አልኩ። እናትሽ ይህን ሰምታ፣ ለዛፉ ያዘንክለትን ያህል ለልጅህ ብታዝንላት አለችኝ። ዝግባው አሁን ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ልሸኝሽ መናኸሪያ አልመጣሁም ብለሽ አዝነሽ እንደነበር አውቃለሁ። ያን ጠዋት እዚያ ዝግባ አጠገብ፣ አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበር፤ አውቶቡሱ ወደ ሻሸመኔ በዚያ እንደሚያልፍ ስለማውቅ። አለፈም። አንቺ በወዲያኛው በኩል ተቀምጠሽ ኖሮ አላየሁሽም።

እንግዲህ ልምጣ ወይስ ልቆይ ላልሽው መልሴ፣ ነዪ ነው። እንድትቆዪ ሥራው የሚያስገድድሽ ከሆነ ቆይተሽ ነዪ። እኔን ፈርተሽ ከሆነ ግን አንድ ቀን አትቆዪ። የአባትሽን ፊት በመፍራት ጠጉርሽ ሊረግፍ አይገባም።

እናትሽ ብርቅዬ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ የሹራብ ክር ላኪልኝ ብላለች፣ ቀይ ካጣሽ ማንኛውም ይሁን። ጽጌሬዳ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ እንደ አንቺ ሥነ ሕይወት ትወዳለች፣ እንደ እኔ ግትር ናት፣ ሰላም ብላሻለች። ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ታቢታዬ ከስታለች ወይ? እያሉ ይጠይቁሻል። ጉልላትም አያውቅሽም እንጂ ሰላም በልልኝ ብሏል።

ስትመጪ ቆሮሶ ጥበሺልኝ። እሾሁን አውጪልኝ፤ ዐይኔ ከዚያን ጊዜ ይበልጥ ደክሟል።

በቤቴ ሂስ የለም፣ ግለሂስም የለም። ይቅርታ ልጠይቅ ብለሽ አፍሽን ብትከፍቺ ተነሥቼ እወጣለሁ። እኔም ይህን ነገር ከእንግዲህ በአፌም በብዕሬም አላነሣውም፤ የዛሬው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

አባትሽ ኩማ ሽበሺ
አዋሳ፣ ጥር 9 ቀን 1980 ዓ.ም.