ስኳር የለብኝም፤ አትፈርሚ

ሸዋ ሮቢት
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናጅዋ ሙሄ
ሪያድ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የቀረውን ሰላምታ በኋላ አሟላዋለሁ፤ አስቀድሜ ዋናውን ልንገርሽ። ስኳር የለብኝም። አልሐምዱሊላህ፣ ቅንጣት የለብኝም። ስለዚህ ያንን የሁለት ዓመት ኮንትራት እንዳትፈርሚ። እስክሪብቶ አንስተሽ ከሆነም መልሰሽ አስቀምጪው።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን አንቺ ገና «አባዬ» ስትዪ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፣ እናትሽ ስልኩን ከጆሮዬ ትነጥቀኛለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፈይዛ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ጽሑፌን አይታ «አባ፣ ይሄን ማን ሊያነበው ነው?» ብላኛለች እህትሽ። እሷ ምን ታውቃለች፣ አንቺን ፊደል ያስቆጠርኩሽ በዚሁ እጄ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሱፍዋን ሞት ነው። ሱፍዋንን መቼም አትረሺውም፤ ሃያ ዓመት ከኔ ኋላና ፊት እየሆነ ሽንኩርትና ማሾ የጫነ፣ በዒድ ቀን ለናንተ ከረሜላ የሚበትነው ጓደኛዬ ነው። መስከረም ላይ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። አላህ ይዘንለት። ቀበርነው፣ አለቀስን፣ ተመልሰን መንዳት ጀመርን። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ልጁን ዘምዘምን መናኸሪያ ሻንጣ ይዛ ቆማ አየኋት። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ወዴት ነው የኔ ልጅ?» አልኳት።

«ሪያድ ነው፣ ጋሼ ሙሄ። አባቴ ከሌለ ታናናሾቼን ማን ያሳድጋቸዋል?»

አውቶብሱ እስኪንቀሳቀስ አብሬያት ቆምኩና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ስለ ዘምዘም አልነበረም፣ ስላንቺ ነው። እኔ ነገ እንደ ሱፍዋን ብቀር አንቺ ከዚያ አገር በምን ትወጫለሽ? ፈይዛ ገና አሥረኛ ክፍል ናት፣ ጣሪቅ ሰባተኛ። እነሱ እስኪያድጉ አንቺ በሰው ቤት ታረጃለሽ። ሁለት ዓመት ብለሽ ሄደሽ ይኸው ስድስት ዓመትሽ።

የሕይወት ኢንሹራንስ የሚባለውን ነገር ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ለእናትሽ ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ «መንገድ ላይ ነኝና ለሁሉም ይበጃል» ብዬ አለፍኩት። ሐራም እንዳይሆን ፈርቼ በመጀመሪያ ሼኽ ሳልህን ጠየቅኳቸው። «ወለድና ቁማር ያለበትን ተወው። ተካፉል የሚሉት ግን ሰው አዋጥቶ የሚረዳዳበት ነው፤ ሐዘን ሲደርስ እንደምንረዳዳበት እንደ ቅሬያችን ቁጠረው» አሉኝ። ልቤ አረፈና ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ ፈሪሃ የምትባል ልጅ አለች። አንደበቷ ማር፣ ጥያቄዋ ግን የመርማሪ ፖሊስ ነው። እኔ እንደ አውቶብስ ቲኬት ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፣ ከፍዬ እወጣለሁ ብዬ ነበር። የለም፤ ዋጋው ሰው በሰው ይለያያል። በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል አይደል? የኔን ጥርስ ብቻ ነው ያላየችው።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

መታወቂያዬን ሰጠኋት። ሃምሳ ሁለት ይላል። ከዚህ ውስጥ አራቱ ዓመት የኔ አይደሉም። ወጣት ሆኜ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ቸኩዬ የቀበሌውን ጸሐፊ ለምኜ ያስጨመርኳቸው ናቸው። ይሄን ስነግራት ሳቀችና «ጋሼ ሙሄ፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሚከፈለውም ይጨምራል። እኔ የማምነው ወረቀቱን ነው» አለችኝ። ያኔ በልመና ያገኘኋቸውን አራት ዓመታት አሁን በገንዘብ ገዛኋቸው።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ወላሂ፣ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«ጫትስ?»

«ሾፌር ነኝ እኮ፣ ልጄ።»

«አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

«አንዳንዴ፣ ደብረ ሲና ላይ ጉሙ ሲወርድ ብቻ።»

«ስለዚህ አዎ» ብላ ጻፈች። ዓመት ሙሉ ትቼ ከመጣሁ እንደገና እንደሚታይልኝም ነገረችኝ። እናትሽ ሃያ ዓመት ለምናኝ እምቢ ያልኳትን ይቺ ልጅ በአንድ ቃል ልታስተወኝ ነው። እናትሽ ስትሰማ አልተደሰተችም፣ ተናደደች እንጂ።

ከዚያ ወላጆቼ በምን እንደሞቱ ጠየቀችኝ። አባቴ በወባ፣ እናቴ ግን በሕይወት አለች፣ ሰማንያን አልፋ ዛሬም ፍየል ከጓሮ በምርኩዝ ታባርራለች አልኳት። ይሄን ወደደችው፤ በዘር የሚወርድ በሽታ አለመኖሩ ጥሩ ነው አለች። ሥራዬ ላይ ስንደርስ ግን ፊቷ ተቀየረ።

«በየት በየት ነው የሚነዱት?»

«ወደ ላይ አዲስ አበባ ድረስ። ወደ ታች በአጣዬ፣ በካራቆሬ አድርጌ ኮምቦልቻ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መንገዱን እሷም ታውቀዋለች። «ሽንኩርቱን ከመጫን ሱቅ ከፍተው ቢሸጡት ኖሮ ይሄን ያህል አይጨምርብዎትም ነበር» አለችኝ በቀስታ። ምን ልበላት? መኪናውን እንጂ ሱቁን ማን ሰጠኝ።

ብቻ ዋጋውን ነገረችኝ፤ ከበድ ይላል፣ ግን እችለዋለሁ። ጣሪቅ ትምህርቱን እስኪጨርስ ለአሥር ዓመት ይሁን አልኩ። የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። «ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ክሊኒክ ይሂዱ» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ።

እዚህ ላይ ነው የአባትሽ ሞኝነት። ሱፍዋን ከሞተ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። ታዲያ ሐሙስ ጾመኛ ስለሆንኩ በዚያው ልመርመር ብዬ ቆረጥኩ። እናትሽ ሱሑር ልታበላኝ ከጎህ በፊት ተነሳች። «ደም ሊቀዱህ ነው፣ ባዶህን ሄደህ እንዳትወድቅ» ብላ ገንፎ በቂቤና በማር አቀረበችልኝ። ከዚያ አንቺ የላክሽውን ቴምር አመጣች፤ ዘጠኝ ቆጠርኩ፣ ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። በላዩ ላይ ሻይ፣ ስኳሩ በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ። አዛን ሲል አፌን ጠርጌ ሱብሒን ሰገድኩና በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ። አንድ ሰዓት ላይ ሲከፈት በሩ ላይ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ።

ደም የሚቀዳው ተመስገን የሚባል የደብረ ሲና ልጅ ነው። «ቁርስ በልተዋል?» አለኝ። «ጾመኛ ነኝ» አልኩት፣ ኮራ ብዬ። «ጎሽ» ብሎ ቀዳኝ።

ውጤቱ መቶ ስድሳ ስምንት ሆነ። በባዶ ሆድ ይሄን ያህል ከሆነ ስኳር ሊሆን ይችላል አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግሯል፣ በሌላ ቀን ይደገም ብሎኛል፣ እኔ ግን ስኳር ከሚለው ቃል ወዲያ ምንም አልሰማሁም። ፈሪሃም ወረቀቱን አይታ፣ ድጋሚ ምርመራው ይሄንኑ ካሳየ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይቀበሉኝም ይችላሉ አለችኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው ብዬ ወጣሁ።

እናትሽን ታውቂያታለሽ፣ ወሬ አታሳድርም። እስከ ዙህር ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። አንዱ ሞሪንጋ፣ አንዱ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዷ አብሽ በጥብጣ ይዛ ትመጣለች። ሁሉንም ጠጣሁ። ከስኳሩ ይልቅ መድኃኒታቸው ሊገድለኝ ነበር። እናትሽ ቤት ያለውን ስኳር ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠችና ማታ ተደብቃ አንቺ ጋ እያለቀሰች ድምፅ ላከች።

መልስሽ የደረሰኝ ደብረ ሲና ነው። መኪናውን ጥግ አስይዤ ከፈትኩት። «አባዬ አብሽር፣ ለመድኃኒትህ አታስብ፣ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ፣ በወሩ መጨረሻ እፈርማለሁ» ትያለሽ። ድምፅሽ ደክሟል። ሦስቴ ሰማሁት፣ ናጅዋ። አልደብቅሽም፣ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አንቺን ላስወጣበት የገባሁበት ነገር አንቺኑ መልሶ ሲያስርሽ አየሁ። ሞትን ያን ያህል አልፈራሁትም፤ የፈራሁት ያንን ፊርማሽን ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ነዳሁ። ባለፈው ሐሙስ ልድገመው ብዬ ሄድኩ። አሁንም እንዳትስቂብኝ፣ ሱሑሬን በልቼ ነው። ተመስገን ክንዴን አስሮ መርፌውን ሊያስገባ ሲል ምን እንደታየው እንጃ ቀና አለ።

«ለመሆኑ መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?»

«ሱሑር ላይ ነዋ። ጎህ ሳይቀድ።»

መርፌውን አስቀመጠው። «ያን ጊዜም እንዲሁ በልተው ነበር የመጡት?»

«ሳልበላ እንዴት እጾማለሁ?»

«ምን ምን ነበር የበሉት?»

ገንፎውን፣ ማሩን፣ ቴምሩን፣ ሻዩን በተራ ነገርኩት። ቴምሩ ጋ ስደርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ ሙሄ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ ሲሉኝ እንደኛ ቤት ጾም፣ ከማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ነው የመሰለኝ። ያን ሁሉ ማር በልተው በሰዓት ተኩልዎ ነው የቀዳሁዎት! ጥፋቱ የኔም ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኩት። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ። ክንዴ እንደታሰረ ነበር።

ዓርብ ዕለት ከማታ ጀምሮ ውሃ ብቻ ጠጥቼ ሄድኩ። ዘጠና አንድ! ተመስገን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ደም ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሏልና ጨው ልቀንስ ተብያለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። እናትሽ በደስታ ጮኻ ሰፈሩን እንደገና ሰበሰበችው። የሰጠችውን ስኳር ግን የመለሰላት ጎረቤት የለም።

ዛሬ ጠዋት ፈሪሃ ጋ ሄጄ ጨረስኩ። ዋጋው ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፣ የዓመቱን ከፈልኩ፣ ፈረምኩ። አሁን አንድ ነገር ብሆን ፈይዛና ጣሪቅ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ፣ እናትሽም ሰው ፊት አትቆምም። ለቤቱ አታስቢ ማለቴ ነው። ቲኬትሽን ቁረጪ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ በአፌ ልነግርሽ ስለማልችል። ፎርሙ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ከዚህ በፊት ሌላ የሕይወት መድን አለዎት?» የሚል ጥያቄ ነበር። ፈሪሃ አነበበችልኝ፣ እኔም ሳላስብ «የለኝም» አልኩ፣ ጻፈችው። ቤት ስደርስ ነው የገባኝ። በጠየቀችኝ ሁሉ፣ ስለ ጫቱ እንኳ፣ እውነቱን ነግሬያታለሁ። እዚህ ላይ ግን ዋሸሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ነበረኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ ሲከፈለኝ የኖረ፣ አንድም ወር ያላለፈው። ስለዋጋው ጠይቄ አላውቅም፤ የምትከፍይው አንቺ ነበርሽ። አፉ በይኝ።

ያንን መድን ከእንግዲህ አላድሰውም። ነይ።

አላህ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ በሰላም አሳፍሮ በሰላም ያግባሽ። አያትሽ፣ እናትሽ፣ ፈይዛና ጣሪቅ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ
ሙሄ