ለቴአትር ቤቱ የሚሆን ፊት

ሰኞ፣ የካቲት 6

አሁንም አልተዘጋም። ግራ ዓይኔ። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ልጨፍን ሞከርኩ፤ ቀኙ ታዘዘኝ፣ ግራው ፈጦ ቀረ። የአፌ ግራ ጠርዝም እንደ ወረደ ነው። ሻይ ስጠጣ በዚያ በኩል ይፈስሳል። አስካለ እንዳታየኝ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ፤ ሚስቴ ናትና ታያለች።

እንዲህ ሆኜ ከነቃሁ ሳምንት አለፈ። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ። «አብዛኛው ሰው ይመለስለታል» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አሁን «አብዛኛው» የምትለዋ ቃል እየበላችኝ ነው። የአስካለ እናት ደግሞ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ያሹኛል። ሁለቱንም አምናለሁ። የፈራ ሰው ሁሉንም ያምናል።

ዛሬ ከቴአትር ቤቱ መልእክት መጣ። አዘጋጁ አቶ ደምሴ ነው የላከው። በሚመጣው ሰኞ ልምምድ ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ተዋናይ በር ላይ የሚሰቀል፣ ፊት ለፊት የተነሳ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ይምጣ ይላል። ስንት ዓመት በፋብሪካችን አዳራሽ ሰው ሳስቅ ኖሬ ትልቁ መድረክ የጠራኝ ገና አሁን ነው። የጠራኝም ለዚህ ፊት ነው። ለድሮው ማለቴ ነው።

ማክሰኞ

አንደበቴንም ሞከርኩት። ከንፈር የሚገጥምባቸው ፊደላት ከድተውኛል። «ባቡር» ልል «ፋፉር» ይወጣል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ እኔ ባቡር ማለት አቃተኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁም በግማሽ ፊት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ አየሁትና ተውኩት።

ማን ያንሳኝ?

ጋሽ ሙሉጌታ እዚሁ በሰቃ ሰፈር አሉ። መታወቂያ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ የአቃቂን ሰው ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ግን ወሬ ይወዳሉ። እሳቸው ካዩኝ ምሳ ሳይደርስ ፋብሪካው ይሰማል። ከዚያ ከተማ፣ ከዚያ አቶ ደምሴ።

ለገሃር አጠገብ ደግሞ ተዋናዮች የሚሄዱበት አንድ ፎቶ አንሺ አለ። አያውቀኝም። አለማወቁ ይሻለኛል።

አስካለ «ሄደህ ለአቶ ደምሴ ለምን አትነግረውም?» አለችኝ። ብነግረው «ስትድን ትመጣለህ» ይለኛል። ካልዳንኩስ?

ረቡዕ

ፊቴን በሻርፕ አስሬ በባቡር ሄድኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጥርሴን አሞኝ ነው አልኩ። ስህተት ነበር። ለገሃር እስክንደርስ ተሳፋሪው በሙሉ የጥርስ መድኃኒት ሲያዝልኝ ዋለ። አንዲት እናት ከመቀነታቸው ቅርንፉድ ፈትተው ሰጡኝ። ነከስኩት፤ ምን ላድርግ።

ፎቶ አንሺው ትሑት ሰው ነው። ሻርፑን ስፈታ አልደነገጠም። መብራቱ ሥር አስቀምጦ ወዲያና ወዲህ አዙሮ አየኝ። «እንደ ነገሩ አነሳዎትና የቀረውን ፊልሙ ላይ በእርሳስ አስተካክለዋለሁ። ማንም አይለይም» አለኝ። የሠራቸውን አሳየኝ፤ ጠባሳ የጠፋላቸው፣ የፈንጣጣ ምልክት የለሰለሰላቸው። ለዓርብ ተቀጣጠርን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስመለስ ሻርፑን ይበልጥ አጥብቄ አሰርኩት።

ሐሙስ

አስካለ ሽንኩርት እየላጠች ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ «ሰኞ ፎቶውን ይዘህ ስትገባ፣ አብሮት የሚገባው ፊት የቱ ነው?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ስለ ቴአትር ምን ታውቂያለሽ አልኳት።

«ስለ ቴአትርማ አላውቅም» አለች። «ስላንተ ነው የምፈራው።»

እሷም ትፈራለች ለካ። ፍርሃቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የምፈራው ብዙ ነው። ሰኞን። ሕፃን ሲያየኝ። ዓይኔ ደርቆ መታወርን። ሰው ሲስቅብኝ፤ መድረክ ላይ ቆሜ ሳይስቅልኝ ሲቀር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ።

ዓርብ

አልሄድኩም። ጫማዬን አድርጌ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ባቡሩ ሲጮህ ሰማሁት፤ ሄደ። አቶ ደምሴ አንዴ ፎቶውን አንዴ እኔን ሲያይ ታየኝና እግሬ አልነቃነቅ አለ።

ነገ ጋሽ ሙሉጌታ ዘንድ። እግዜር ይሁነኝ።

ቅዳሜ

ጋሽ ሙሉጌታ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብተው ካሜራውን ሲያስተካክሉ ሻርፑን ፈታሁ። ከጨርቁ ሥር ሳቃቸው መጣ።

«ተው አንተ፣ ቀልዱን ተውና ፊትህን አስተካክል» አሉ።

ፊቴን ወደ ካሜራው ቀና አደረግሁ።

«በል እንጂ።»

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ፊቴ ይኸው ነው» አልኳቸው።

ከጨርቁ ወጡ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ዛሬ ዝም አሉ። ሄደው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ሳቡ። ለማንም አልናገርም አላሉኝም፤ ቢሉኝም አላምናቸውም ነበር። በሩን ሲቀረቅሩ ግን ትንሽ ቀለለኝ። «መቼ ጀመረህ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

መብራቶቹን አበሩ። «አትተንፍስ» አሉ። አልተነፈስኩም። የካሜራውን ማንሻ ላስቲክ ጨመቁ።

«ኤጭ። ተበላሸ። ጨፈንክብኝ።»

«የትኛውን?»

«ምን የትኛውን?»

«የትኛውን ዓይን ነው የጨፈንኩት?»

«ሁለቱንም ነዋ፤ ሰው አንድ ዓይኑን...» ብለው ሳይጨርሱ ቆሙ። መብራቱን አልፈው መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ግራ ዓይኔን በጣቴ ዳሰስኩት።

ደግመው አነሱኝ፤ ዓይኔ ተከፍቶ፣ አፌ እንደ ወረደ። ለቴአትር ቤቱ የሚሄደው እሱ ነው። የተበላሸውንም እንዲያትሙልኝ ለመንኳቸው።

«ለምንህ?»

«ለአስካለ» አልኩ።

እሑድ

ጋሽ ሙሉጌታ ከቅዳሴ በኋላ ለእኔ ብለው ሱቃቸውን ከፈቱ። ሁለቱንም ፎቶ ይዤ ቤት ገባሁ። ነገ አቶ ደምሴ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ምናልባት ገና በር ላይ ይመልሰኝ ይሆናል።

አስካለ የተበላሸውን ወደ ብርሃን ይዛ ብዙ አየችው። ከዚያ አጠገቧ አስቀመጠችኝና «በል ጨፍን» አለችኝ።

ጨፈንኩ።

«ስንት ቀረው?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«የክር ያህል ነጭ ይታያል። አታውራ፣ ዝም ብለህ ጨፍን።»

ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም። እያለቀሰች እንደሆነ ገልጬ ማየት ፈልጌ ነበር። አልገለጥኩም።