ለሌላዋ ሸዋገነት የመጣ መርዶ

ሸዋዬ፣

ምስር ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ። ውሃ ሊጠፋ ስለሚችል ባልዲዎቹን ሞልቻለሁ።
አባትሽ ጠዋት ደውለው ነበር። ድምፃቸው ደህና ነው፣ ሾርባም ጠጥተዋል። መልሰሽ ደውዪላቸው።

ከትናንት ጀምሮ አኩርፈሽኛል፤ አልፈርድብሽም። ጎህ ሳይቀድ አምስት ሽማግሌዎች አንኳኩተው «ሸዋገነት አለች?» ሲሉኝ፣ የትኛዋ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው የሚመጣው ለመርዶ ነው። የአባትሽ ሕመም ትዝ አለኝና፣ እነሱ ገና ሳይቀመጡ «አባትሽ» ብዬ የቀሰቀስኩሽ እኔ ነኝ።

እነሱ የፈለጉት ጎረቤታችንን እትዬ ሸዋገነትን ነበር። «ሸዋገነት የሴቶች ፀጉር ቤት» የሚለውን የእሳቸውን ታፔላ አይተው፣ በሩ ቢዘጋባቸው የኛን አንኳኩ። ያረፈው የእሳቸው ወንድም ነው።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አላነሳነውም። ሟቹ ያንቺ አባት አለመሆናቸውን ስትሰሚ እልል አልሽ። እኔም አብሬሽ እልል አልኩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

በእኛና በእትዬ ሸዋገነት መኝታ ቤት መሀል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው። ከመርዶው በፊት የደረሳቸው የኛ እልልታ ነው።

ለቅሶው ቤት ነኝ። ጥቁር ነጠላሽን አልጋሽ ላይ አድርጌልሻለሁ።
«የምን ደስታ ነበር?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል።
ብቻዬን አታስጠይቂኝ።

ፋሲካ